የተሸጠ አደራ

ሽያጭና አደራ በቋንቋችን ጎን ለጎን የማይቆሙ ቃላት ናቸው። የሸጠ ሰው ከሸጠው ነገር እጁን ያነሣል፤ ገንዘቡን ቆጥሮ ከተቀበለ በኋላ ገዢው ዕቃውን ቢሰብረውም ቢስመውም የሻጩ ጉዳይ አይደለም። አደራ የሰጠ ሰው ግን ነገሩን ከእጁ እንጂ ከልቡ አያወጣውም፤ የተቀበለውም የያዘውን «የእኔ» ብሎ አይጠራውም። የዕለት እንጀራዬ ከባንክ ቤት ነውና ይህን ልዩነት ከመስኮት ኋላ ተቀምጬ ተምሬዋለሁ። በቀን በእጄ የሚያልፈው ገንዘብ ሁሉ የሰው አደራ ነው፤ እጄ ያውቀዋል፣ ኪሴ ግን አያውቀውም። ስለዚህ በ2024 ዓ.ም. የጸደይ ወራት አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ሙሉ ዋጋ ተቀብለው የሸጡልኝን ነገር እንደ አደራ ሲያስረክቡኝ፣ ሁለቱ ቃላት በአንድ ቀን፣ በአንድ በር ላይ እንዴት ሊገናኙ እንደቻሉ ብዙ አሰብሁ። ይህች ጽሑፍ የዚያ ሐሳብ ልጅ ናት።

የገዛሁት መኪና ነው። እንግሊዞች «ኤም ጂ ቢ ጂ ቲ» የሚሏት፣ በ1969 የተሠራች (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ሁለት በር ያላት፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች አረንጓዴ የስፖርት መኪና። የኋላ መቀመጫ አላት ቢባልም ከሁለት ሕፃናት ወይም ከአንድ የገበያ ዘንቢል በላይ አትችልም። በብርድ ጠዋት ስትነሣ ትስላለች፤ ቤንዚን ትወዳለች፤ ዝናብ አትወድም። በጥቅም ሚዛን ለሚመዝናት ሰው ሚዛን የምትደፋ አይደለችም። እኔ ግን በዓይኔ ሳላያት ሃያ ስድስት ዓመት ስወዳት ኖሬአለሁ።

ፍቅሩ የተጀመረው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ በነበረችው የአጎቴ ጋራዥ ውስጥ ነው። አጎቴ በወጣትነታቸው ከአንድ እንግሊዛዊ መካኒክ ሥር ሠርተው ነበር፤ ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ ከተወላቸው ዕቃዎች አንዱ የ1971 የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነበር። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ሳየው ሌሎቹ ወራት ተቀድደው አልቀው፣ ከመፍቻዎቹ በላይ ተሰቅሎ የቀረው የጁን ገጽ ብቻ ነበር። በገጹ ላይ አረንጓዴ ኤም ጂ ቢ ዝናብ ባረጠበው መንገድ ዳር ቆማለች። ደንበኞች እያሾፉ «ጋሼ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲሏቸው አጎቴ ቀና ሳይሉ «እኔ ቤት ዘንድሮም ጁን ነው» ይሉ ነበር።

ወደዚያች ጋራዥ የሚመጡት ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች፣ የደከሙ ፊያቶችና ቮልስዋገኖች ነበሩ። ሁሉም የሚመጡት ታምመው ነው፤ በግድግዳው ላይ ያለችው ብቻ ሕመም አታውቅም። አንድ ቀን አጎቴ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ከገጹ ፊት አቆሙኝና «ፊቷን አትይ። ከፊት መብራቷ ጀምረህ እስከ ጭራዋ መስመሯን ተከተል፤ የሚያደናቅፍህ ነገር አለ?» አሉኝ። በጣቴ ተከተልሁ። የሚያደናቅፍ አልነበረም። «አየህ፣ ይህችን የሣለ ሰው እጁ አልቸኮለም» አሉኝ። ስለ ቅርጽ የተማርሁት የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግጥም መጻፍ ስሞክር የረዳኝም ይኸው ነው፤ ስንኙን በጣት ተከትሎ የሚያደናቅፍ ካለ ማየት።

በመኪናዋ አፍንጫ ላይ ያለው ምልክት ባለ ስምንት ማዕዘን ነው። ያደግሁት አራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ብዙም ሳይርቅ ነበር፤ ካቴድራሉም ባለ ስምንት ማዕዘን ነው። የልጅ አእምሮ ዝምድና ይወዳልና ይህችን መኪና የሠሩ ሰዎች በሆነ መንገድ የሰፈሬን ደብር ያውቁታል ብዬ ስለማምን፣ ለማንም አልነገርሁም እንጂ፣ እንደ ዘመድ አያት ነበር።

ካደግሁና እንግሊዝ አገር ከመጣሁ በኋላ ታሪኳን አነበብሁ። ኤም ጂ ማለት ሞሪስ ጋራዥስ ማለት ነው፤ በኦክስፎርድ ከተማ የዊሊያም ሞሪስ የመኪና መሸጫና መጠገኛ ቤት ነበር። በ1920ዎቹ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሴሲል ኪምበር ተራ የሞሪስ መኪናዎችን እየወሰደ ዝቅ ያለና ያማረ አካል ያለብሳቸው ጀመር። ሥራው ሰፍቶ በ1929 ከኦክስፎርድ በስተ ደቡብ ወደምትገኘው ወደ አቢንግደን ከተማ ተዛወረ። ኪምበር ራሱ በ1945 በለንደን የኪንግስ ክሮስ ባቡር አደጋ ሞተ። ኤም ጂ ቢ የተወለደችው ከእርሱ ሞት በኋላ፣ በ1962 ነው፤ ጣሪያ ያላት እኅቷ ጂ ቲ በ1965 ተከተለች። የጣሪያዋን ውብ መስመር በመቅረጽ የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ቤት እጅ አለበት። እስከ 1980 ድረስ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠሩ፤ አብዛኞቹም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህች መኪና በውስጧ ብርቅ ነገር የላትም። 1798 ሲሲ የሆነው ሞተሯ ከዚያው ዘር፣ አስተማሪና ባለሱቅ ቤተሰባቸውን ጭነው ከሚሄዱባቸው የኦስቲንና የሞሪስ መኪናዎች ጋር አንድ ነው። የሀብታም መኪና አልነበረችም። ሠሪዎቿ ያደረጉት የተራውን ሰው ዕቃ ወስደው በጥንቃቄ ማዋደድ ነው። ግጥምስ ከዚህ ምን ይለያል? ገጣሚ የራሱ ቃል የለውም፤ በገበያም በለቅሶ ቤትም የሚነገረውን ቃል ወስዶ አሰካኩን ያሳምራል እንጂ።

አረንጓዴ ቀለሟም ታሪክ አለው። በ1903 የጎርደን ቤኔት የመኪና እሽቅድምድም በእንግሊዝ መንገድ ላይ ሕግ ስላልፈቀደው በአየርላንድ ተደረገ፤ የእንግሊዝ መኪናዎችም ለአስተናጋጇ አገር ክብር አረንጓዴ ተቀቡ። ቀለሙ ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ሆኖ ቀረ። የእንግሊዝ መኩሪያ የሆነው ቀለም ከእንግዳ አክባሪነት የተገኘ መሆኑ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ምክንያቱም ጭንቀቱ እዚያ ነበር። በሰው አገር የሚኖር ሐበሻ ገንዘብ ገና ሳይገባ ስም አለው። ይህ ለእናት፣ ይህ ለእኅት ትምህርት፣ ይህ ለዕድር፣ ይህ ድንገት ለሚደወል ስልክ። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ስም ለወጣለት ገንዘብ ስሠራ ኖሬአለሁ። ከዚያ ሁሉ ተርፎ በወር ስድሳ ፓውንድ ስም በሌለው ሒሳብ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። በአሥር ዓመት ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ሆነ። የሥራ ባልደረቦቼ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ መነሻ አድርገው አሉኝ። ወዳጆቼ ቦታ ግዛበት አሉኝ። ሁለቱም ምክር ትክክል ነበር። እኔ ደግሞ ሌሊት ሌሊት የአሮጌ መኪና ማስታወቂያ እመለከት ነበር።

ጥያቄው የገንዘብ ብቻ አልነበረም። እናቱ በጀሪካን ውኃ እያጠራቀመች የምትኖር ልጅ ለውበት ብቻ ሲል መኪና መግዛት ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ በራሴ መመለስ ስላቃተኝ ለእናቴ ደወልሁላት።

«እማዬ፣ መኪና ልገዛ ነው» አልኋት።

«እሰይ! እግዚአብሔር ይመስገን። ስንት ሰው ይጭናል?»

«ሁለት።»

«ሁለት? አዲስ ነው?»

«አይ፣ በአባዬና በአንቺ ሠርግ ጊዜ ያረጀ ነው።»

«ታዲያ ምን አለው ብለህ ነው ልጄ?»

«ውብ ነው፣ እማዬ።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ቀጥላ፦ «አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ዓመት ለፋሲካ በግ እንዲገዛ ብር ሰጥቼው ገበያ ወጣ። ማታ ክራር ይዞ ገባ። ጎረቤት ሳቀብን፤ እኔም ሳምንት ሙሉ አላናገርሁትም። ፋሲካን በዶሮ ዋልን። በጉ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ለዳግማይ ትንሣኤ አጥንቱም አይገኝም ነበር። ክራሩ ይኸው፣ እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ» አለችኝ። ስንብት ላይ ግን ድምፅዋን ለወጥ አድርጋ፦ «ለእኔ የምትልከውን እንዳትቀንስ ብቻ» አለች። አልቀነስሁም።

መኪናዋን ያገኘኋት እዚያው በተሠራችበት ከተማ ነው። ከምኖርባት ከበርሚንግሃም እስከ ኦክስፎርድ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ተጉዤ አቢንግደን ገባሁ። ሻጩ ሰባ አራት ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ ነበሩ። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው እዚያው ፋብሪካ ተቀጥረው እስከ መጨረሻው ቀን ሠርተዋል። የመጨረሻውን ቀን አካሄድ ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ነገሩ ግን ከባድ ነው። በ1979 መስከረም ፋብሪካው በአቢንግደን የተተከለበትን ሃምሳኛ ዓመት ከተማው በሰልፍና በጭፈራ አከበረ፤ በማግሥቱ ሰኞ ፋብሪካው ሊዘጋ መሆኑ ተነገራቸው። በ1980 ጥቅምት የመጨረሻዋ ኤም ጂ ቢ ወጣች፤ በሩም ተዘጋ።

«ይህችን ራስዎ ሠርተዋት ይሆን?» አልኋቸው።

«በዚያ ዓመት መስመሩ ላይ ነበርሁ። እጄ ይንካት አይንካት ግን ማን ያውቃል?» አሉና ኮፈኗን ዳሰስ አደረጉ። «በሺህ የሚቆጠሩ ሠርቻለሁ፤ የራሴ የምላት አንዲትም አልነበረችኝም። ይህችን ያገለገለች ሆና በ1994 ገዛኋት።»

ይህን ሲሉ ራሴን ሰማሁ። በየቀኑ የሰው ገንዘብ ቆጥሮ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው፣ በየቀኑ የሰው መኪና ሠርቶ በብስክሌት ወደ ቤቱ ይሄድ የነበረን ሰው ለማወቅ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሽማግሌው ሐቀኛ ነበሩ። ኪሴ ውስጥ ማግኔት ይዤ ነበር፤ ዝገት በስቱኮ ተሸፍኖ ቀለም ከተቀባ ማግኔት አይዝምና። ማግኔቱን ገና ሳወጣ «አትድከም፤ ና ላሳይህ» ብለው ከግራው በር ሥር አጎነበሱ። ክንድ የሚያህል ዝገት ነበር። ኤም ጂ ቢ ለብቻው የሆነ ሻንሲ የላትም፤ አካሏ ራሱ ነው ሸክሙን የሚሸከመው፤ ከበሮቹ ሥር ያለው ድርብ ላሜራ ደግሞ ወገቧ ነው። እርሱ ሲበሰብስ መኪናዋን በክሪክ ከፍ ስታደርጋት የበሩ ክፍተት ይጠብባል፤ በሩም አልከፈት ይላል። ይህን ሁሉ አሳይተው፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ቀንሰው አምስት ሺህ ስምንት መቶ ፓውንድ አሉኝ። የቀረው ገንዘቤ ለብየዳው ይሆናል ብዬ ተስማማሁ።

የሚሸጧት ዓይናቸው ስለደከመ ነበር፤ ሐኪም መንዳት ከልክሏቸዋል። ወረቀቱን ፈረሙ፣ ገንዘቡም ተላለፈ። ቁልፉን ግን ወዲያው አልሰጡኝም። በመዳፋቸው ይዘውት ቆዩና «ሠላሳ ዓመት እኔ ጋ ተቀመጠች፤ አሁን የአንተ ተራ ነው» አሉኝ። በእንግሊዝኛ የተናገሩት ይህንኑ ብቻ ነው፤ ተራ ቃላት ናቸው። በውስጤ ወደ አማርኛ ሲገቡ ግን «አደራ» ከሚለው በቀር የሚተካቸው ቃል አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ወራት የቅዳሜ ታሪክ ናቸው። በኪራይ በያዝኋት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ የበሰበሰው ላሜራ ተቆርጦ ወጣ፤ እስከ ዛሬ አዲስ ላሜራ የሚያመርትላት ድርጅት ስላለ ባለሙያ በየደልኝ። የሽቦ ቸርኬዎቿን አውልቄ ውስጣቸውን ግራሶ ቀባሁ። ከመቀመጫው ኋላ የተደበቁትን ሁለቱን ባለ ስድስት ቮልት ባትሪዎች ቀየርሁ። በዚህ ሥራ መካከል አንድ ነገር አስተዋልሁ። መኪናዋ እንግሊዛዊት ናት፤ እኔ የማስበው በአማርኛ ነው፤ እጄ የሚያውቃቸው ስሞች ግን ጣሊያንኛ ናቸው፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ስፖኪዮ፣ ካቻቢቴ። ከአጎቴ ጋራዥ ይዣቸው የመጣኋቸው ቃላት ናቸው። እንግሊዛዊው በያጅ ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱን ስም ይነግረኛል፤ እኔም እሺ እላለሁ፤ እጄ ግን ሶማሌ ተራ እንደተማረው ይሠራል።

ከሁሉ የወደድሁት ሥራ የሁለቱን ካርቡሬተሮች ማስማማት ነው። ቀጭን የጎማ ቱቦ በጆሮ ይዞ የአንዱን አፍ ማዳመጥ፣ ከዚያ የሌላውን፤ የሁለቱ እስትንፋስ እኩል እስኪሆን ድረስ ብሎኗን በጥቂት በጥቂቱ ማዞር። የስንኝ ሁለት ሐረጎች ሲመዛዘኑ እንደሚሰማው ያለ ነው። አንዱ ሲረዝም ሌላው ያነክሳል። በአንዱ ቅዳሜ ማታ፣ ጥፍሬ ገና ሳይጠራ፣ እነዚህን አራት መስመሮች ጻፍሁ፦

ከሩቅ የወደድሁት ሥዕል ነው፤
ከቅርብ ያገኘሁት ብረት፤
በሁለቱ መሐል ያለው
የእጅ ቅባትና ትዕግሥት።

ማድነቅ ምንም አይጠይቅም። በግድግዳ ላይ ያለች መኪና ዘይት አትለምንም፤ ስለዚህ ማድነቃችን ንጹሕና ቀላል ነው። የያዙት ነገር ግን በየሳምንቱ ይጠራል። ይህች መኪና ሃምሳ አምስት ዓመት የቆየችው ብረቷ ስለበረታ አይደለም፤ ብረቷማ በዝናብ ይቀልጣል። የቆየችው በየዘመኑ አንድ ሰው ከበሯ ሥር ስለተንበረከከላት ነው። ገንዘብ የሚገዛው ያንን ቦታ ነው፤ የመንበርከክን ተራ። ሽያጩና አደራው የተገናኙት እዚህ ይመስለኛል።

እንግሊዞች ይህን በሕግም አውቀውታል፤ አርባ ዓመት ያለፈው መኪና የመንገድ ግብር አይከፍልም፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ በመሠረቱ ካልተለወጠ በቀር ከዓመታዊው የግዴታ ምርመራ ነፃ ነው። በአገራችን ነገሩ ሌላ ነው። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ተከለከለ። የጭሱና የውጭ ምንዛሪው ምክንያት ይገባኛል። ግን ይህች መኪና በመጀመሪያ የተወደደችበትን ከተማ አታይም ማለት ነው።

አጎቴ ጋራዣቸውን ከዘጉ ቆይተዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ሥራው ባለቀ ቀን በስልክ ምስል ደወልሁላቸው። በመጀመሪያ መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ በዝግታ አሳየኋቸው፤ ጣታቸው በስልኩ ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ መስመሯን እየተከተሉ ነበር። ምንም አላሉም። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን አስነሣሁና ስልኩን አስጠጋሁ። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ምርቃት ወይም እንባ እጠብቅ ነበር።

«አንዱ ቫልቭ ሰፍቷል፤ ይንኳኳል» አሉኝ በመጨረሻ። «አደራህን፣ ሳይመሽ አስተካክልላት።»

ሳይመሽ አስተካከልሁላት።